በሞላው ቀን የመጣች እንግዳ

በእኛ አገር ቀኖች እኩል አይደሉም። ምንም ነገር ሆኖባቸው የማያውቅ፣ መጥተው ሲሄዱ ሰው ልብ የማይላቸው ብዙ ቀኖች አሉን። የአበባ ወር አምስተኛው ቀን፣ አበባ አምስት፣ ግን የሆነው ሁሉ የሆነበት ቀን ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹን ብትጠይቋቸው «ዕድል ነው፤ ሰውም ቀንም ዕድል አለው» ይሏችኋል። እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ። ስለ ቀን የማውቀው ትንሽ ነው፤ በዚያ ቀን በቤቴ የሆነውን ግን ከማንም በላይ አውቃለሁና ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። በድሮ ዘመን፣ በአበባ አምስት፣ ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ ተንዶ የላይኛውን ሰፈር ቀበረው። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ያው በአበባ አምስት፣ በታችኛው ሰፈር ደረቁ መሬት ተሰንጥቆ ዛሬ የምንጠጣው ምንጭ ፈለቀ። ከዚያ ደግሞ ከተማዋን ለሁለት ከፍለው ሲዋጉ የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች አደባባይ ላይ ታረቁ፤ ቀኑ አበባ አምስት ነበር። በመጨረሻም፣ አሁንም በአበባ አምስት፣ የከተማው ሸንጎ ከእንግዲህ ንግግር ሁሉ አጭር ይሁን ብሎ ወሰነ።

ስለዚህ በየዓመቱ በአንድ ቀን አራት በዓል እናከብራለን። ጧት የናዳው ወገኖች ጥቁር ለብሰው ያለቅሳሉ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የምንጩ ወገኖች ከበሮ ይዘው ይጨፍራሉ። ቀትር ላይ የወንድማማቾቹ ዘሮች እርቁን ያከብራሉ፤ «ቀድሞ ይቅርታ የጠየቀው የእኔ አያት ነው፣ የለም የእኔ ነው» እየተባባሉ በየዓመቱ ስለሚፈነካከቱ አንድ ወጌሻ ጨርቁንና ቅባቱን ይዞ አጠገባቸው ይቆማል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለ አጭር ንግግር ጥቅም ንግግር ይደረጋል። እሱ እስኪመሽ አያልቅም።

ችግሩ አደባባዩ አንድ መሆኑ ነው። አንድ ዓመት ልቅሶው ረዘመና ጨፋሪዎቹ «ሰዓታችን ደርሷል» ብለው መሀሉ ገቡበት። ወዲያው አልቃሾች ትከሻቸውን ሲሰብቁ፣ ጨፋሪዎች ደረታቸውን ሲደቁ ታዩ። በዚህ ነገር ሊቀ ዕለታት አስረስ ታመው ተኙ። ሊቀ ዕለታት ማለት የቀኖቻችን ሹም ነው፤ የትኛው ነገር በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚወስነው እሱ ነው። አስረስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ እንኳ ከጥላቸው ጋር የሚነጋገሩ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ከሕመማቸው እንደተነሡ ነጋሪት አስጎስመው አዋጅ አስነገሩ።

«አበባ አምስት ሞልቷል! ከእንግዲህ በዚያ ቀን አዲስ ነገር አይሆንም። ቢሆንም አልሆነም!»

ሕዝባችን አዋጅ አክባሪ ነው። በዚያ ቀን ሠርግ ቀረ፤ ገበያም ቀረ። አንድ ሰው ሳያስብ በቅሎ ገዝቶ ነበር፤ በማግስቱ ሻጩ መጥቶ በቅሎዋን እየነዳ ወሰደ፤ ዳኛውም «አልተሸጠችም» ብሎ ፈረደለት። አንድ ሽማግሌ በዚያ ቀን ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ዘመዶቻቸው «አባባ፣ ዛሬ እኮ ቀኑ ሞልቷል፤ እስከ ነገ ይታገሱ» አሏቸው። ታገሱ። በማግስቱ ሐሳባቸውን ቀየሩና እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። እኔም በበኩሌ በአዋጁ ላይ ቅሬታ አልነበረኝም።

ሚስቴ ውብአንቺ ትባላለች። ብዙ ዓመት ልጅ ጠብቀናል። ሁለት ጊዜ ፀንሳ፣ ሁለቱም ጊዜ ሳይበረክትልን ቀረ። ሦስተኛውን ስትፀንስ ለማንም አልተናገርንም፤ እርስ በርሳችን እንኳ በግልጽ አንነጋገርም ነበር። ሆዷ ገፍቶ አገር ሲያየው እኔ «ድንች በዝቶባት ነው» እል ነበር። አዋላጇ እትዬ የተምወርቅ መጥታ ሆዷን ዳሰሰችና «ወሩ ሲጋመስ ነው» አለችን። እኛም የወሩን አጋማሽ እየጠበቅን አበባ አምስትን ረሳነው።

ቀኑ ግን እኛን አልረሳንም። ገና ጎህ ሲቀድ ውብአንቺ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«አንተ!»

«ወይ።»

«መጣ።»

«ማን መጣ?»

«ማን ይመጣል? ልጅህ ነዋ!»

ብድግ አልኩ። በዚያች ሰዓት ባል የሚናገረው ብዙ ደግ ነገር አለ። እኔ ግን «ዛሬ እኮ አበባ አምስት ነው» አልኳት።

«ታዲያ ምን ላድርግ? መልሼ ላስገባው?»

ይህን ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። ያን ጊዜ ቀኑም አዋጁም ከጭንቅላቴ ወጣና ሁለቱ የቀሩብን ልጆች ትዝ አሉኝ። ጎረቤታችንን ጠርቼ አጠገቧ አስቀመጥኩና እትዬ የተምወርቅን ፍለጋ ሮጥኩ።

እትዬ የተምወርቅ ቤቷ አልነበረችም። በከተማችን አንድ ሰው ሁለት ሙያ አይኑረው የሚል አዋጅ ገና ስላልወጣ፣ እሷ አዋላጅም አልቃሽም ነበረች፤ ያውም የአልቃሾች አውራ። አደባባዩ ላይ በጥቁር ለባሾች መሀል ቆማ፣ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ሙሾ እያወረደች አገኘኋት።

«እንግዳ መስሎኝ ነው በሬን የከፈትኩት፣
ተራራ ነው ለካ እቤት ያስገባሁት!»

ሕዝቡ ያነባል። ከአልቃሽ ጋር በልቅሶ መሀል ወሬ ማውራት በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ሊያናግራት የፈለገ አብሯት ማልቀስ አለበት። እንደ ምንም ተጋፍቼ አጠገቧ ደረስኩና ደረቴን እየመታሁ፣ ግጥም ስለማይሆንልኝ እንዲሁ በዜማ ጎትቼ፣

«እትዬ የተምወርቅ፣ ሚስቴን ምጥ ይዟታል፣ ወየው!» አልኩ።

ከኋላ ያሉት የሙሾው አዝማች መሰላቸው። አደባባዩ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ «ሚስቴን ምጥ ይዟታል፣ ወየው!» ብሎ ተቀበለኝ።

እትዬ የተምወርቅ ልቅሶዋን እንደ ውሃ ቧንቧ ዘጋችው። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«መቼ ጀመራት?»

«ጎህ ሲቀድ።»

«እና እዚህ ቆመህ ታለቅሳለህ? ምን ዓይነቱ ነህ? ና ቅደም!»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወደ ሰፈራችን ገሰገሰች። የናዳው ወገኖች ግራ ገባቸው። ልቅሶው አልተዘጋም፤ ያለ አውራዋ ደግሞ መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ እያለቀሱ ተከተሏት። የምንጩ ወገኖች አለቃ አቶ ቸኮል፣ ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ ነገር ሁሉ የሚዘገይበት ወፍራም ከበሮ መቺ፣ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በደንቡ መሠረት ጨፋሪዎች ከአልቃሾች ኋላ ነው የሚከተሉት። አልቃሾቹ ሲሄዱ አይቶ እሱም ሰዎቹን ይዞ ተከተለ። የእርቁ ወገኖች ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ጠብ የተነሳ መሰላቸውና እንዳያመልጣቸው ሮጡ፤ ወጌሻውም አብሯቸው ሮጠ። ስለ አጭር ንግግር የሚናገሩት ደግሞ ሰሚ አጥተው መቅረት ስላልፈለጉ መጡ። በዚህ ዓይነት ከኮርቻና ከቆዳ በቀር እንግዳ ገብቶበት በማያውቀው ደጄ ላይ አገር ተሰበሰበ።

እትዬ የተምወርቅ ገብታ በሩን ዘጋች። ወዲያው ሊቀ ዕለታት አስረስ ዘንጋቸውን ይዘው ሕዝቡን እየከፈሉ ደረሱ።

«እዚህ ምን እየሆነ ነው?» አሉኝ።

እጅ ነሣሁ። «ምጥ ነው፣ ጌታዬ።»

ትንሽ አሰቡ። «ምጥ ይቻላል። አዋጁ ምጥን አይከለክልም። መውለዱ ግን ነገ ነው።»

እትዬ የተምወርቅ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «ጌታው፣ ምጥ ቀጠሮ አያውቅም።»

«ካልተነገረው እንዴት ያውቃል? ይነገረው።»

«ለማን ልንገረው?»

«ለሚወለደው።»

«እርስዎ ይንገሩት!» አለችና ገባች።

ሊቀ ዕለታት እንደ ቀልድ የሚወስዱት ነገር የላቸውም። መስኮቱ አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ወይም አንቺ ልትወለድ ወይም ልትወለጂ ያለህ ወይም ያለሽ» ብለው ጀመሩ። አዋጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው አሰሙ። በዚህ ቀን የተወለደ እንዳልተወለደ እንደሚቆጠር፣ ያልተወለደ ሰው ደግሞ ስም እንደማይወጣለት፣ ትምህርት ቤት እንደማይገባ፣ እንደማያገባና ርስት እንደማይካፈል በትዕግሥት አስረዱ። እንደ ጨረሱ ከውስጥ የውብአንቺ ድምፅ መጣ።

«ማነው እሱ?»

«ሊቀ ዕለታት ናቸው» አልኳት በመስኮቱ።

«እንግዲያው ይግባና ነገ እሱ ይውለድልኝ በለው!»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። አቶ ቸኮል ሳቁን ለመያዝ ከበሮው ላይ ተደፋ። ሊቀ ዕለታት ግን አልተቆጡም። «ልጁ አልመለሰም» አሉኝ ረጋ ብለው፤ «እያሰበበት ይሆናል።»

ፀሐይ ከፍ አለች። ሦስት ሰዓት አለፈ፤ የጭፈራው ተራ ያለ ጭፈራ አለፈ። ውብአንቺ መጀመሪያ ላይ ትጮህ ነበር፤ ስትጮህ ደህና ነበርኩ። እየቆየ ድምፅዋ እየደከመ ሄደ። ቀትር ላይ ጭራሽ አልሰማትም አልኩ። ግድግዳውን ተደግፌ በጣቴ የጭቃውን ስንጥቅ እከተላለሁ፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

በሩ ተከፈተና እትዬ የተምወርቅ ወጣች። ፊቷ የአልቃሽ ፊት አልነበረም። ከዚያ የባሰ ነበር፤ ጭምት ብሏል።

«ደክማለች» አለችኝ። «ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው። መቼ ማማጥ፣ መቼ ማረፍ እንዳለባት ጠፍቶባታል። እኔ ብነግራትም አትሰማኝም። የሚመራት ነገር ካላገኘሁ...» አልጨረሰችውም። ዓይኗ ሕዝቡን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ቸኮል! ከበሮህን ምታ።»

አቶ ቸኮል ሊቀ ዕለታትን አየ። «ተራችን አልፏል፣ እትዬ። አሁን የእርቁ ሰዓት ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እርቁ ወገኖች ዞረ። የታላቅየው ዘር አለቃ በአንድ በኩል፣ የታናሽየው ዘር አለቃ በሌላ በኩል ቆመዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዝናብ እየዘነበ እንኳ ዝናብ መሆኑን ተስማምተው አያውቁም። የታላቅየው ዘር አለቃ ወደ በሩ አየና «ሰዓቴን ለከበሮው ሰጥቻለሁ» አለ። የታናሽየው ዘር አለቃ ልማዱ ስለሆነ ሊቃወም አፉን ከፈተ። ከቤት ውስጥ ትንሽ፣ ቀጭን ማቃሰት ተሰማ። አፉን እንደከፈተ ቆየና «የእኔንም ስጠው» አለ። ወጌሻው ይህን ሲሰማ ጨርቁን ጠቅልሎ መሬት ተቀመጠ።

የቀሩት ሊቀ ዕለታት ነበሩ። ዘንጋቸውን እያገላበጡ ወደ ፀሐይዋ አዩ፤ ወደ እኔም አዩ። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም።

«ቀስ ተብሎ ከሆነ...» አሉ።

አቶ ቸኮል መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። በሕይወቱ ሁሉ ሲዘገይ የኖረው ለዚያች ሰዓት ይመስል፣ ከበሮውን በመዳፉ በዝግታ መታ። ድም። ቆየ። ድም። እንደ ሰው እርምጃ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው እርምጃ። አልቃሾቹ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ በጉሮሯቸው ብቻ ያጉረመርሙለት ጀመር። ጨፋሪዎቹም ያንኑ ተከተሉ። እትዬ የተምወርቅ ከውስጥ «አሁን እረፊ... አሁን በርቺ!» ስትል ይሰማኛል። ከዚያ የውብአንቺ ድምፅ ተመለሰ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ከበሮውን አሸንፎ። እኔም ከደጅ ሆኜ እያማጥኩ እንደነበር ያወቅኩት አንድ ሌላ ጎረቤቴ ጀርባዬን ሲያሸኝ ነው።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጩኸት ተሰማና እትዬ የተምወርቅ «በቃ!» አለች። ከበሮው ቆመ።

ዝም አለ። ሁሉ ነገር ዝም አለ። የሕፃን ድምፅ የለም።

አልቃሾቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ እነሱ ዝምታን ያውቁታል። ጨፋሪዎቹ እጅ ለእጅ ተያያዙ። እኔ ግን «ሦስተኛው» የሚል ቃል ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል።

ሊቀ ዕለታት ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ለምን አያለቅስም?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«ማልቀስ የለበትም?»

«አለበት።»

«ተፈቅዷል» አሉ። ወደ መስኮቱ ሄዱና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ተፈቅዷል! ንገሩት፣ ተፈቅዶለታል! በአዋጅ ፈቅጃለሁ በሉት!» ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። «ኧረ ልጄ፣ ፈቅጃለሁ!»

በውስጥ ጥፊ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ሳል። ቀጥሎ ልቅሶ።

እንደዚያ ያለ ልቅሶ አደባባያችን ሰምቶ አያውቅም። ቁጡ ነበር፤ ከእንቅልፍ የቀሰቀሱት ሰው ቁጣ። እትዬ የተምወርቅ በሩን በእግሯ ከፍታ «ሴት ናት!» አለች።

ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እዚያው ቀሩ። እልልታ አዲስ ነገር ነውና፣ ሁሉም ሊቀ ዕለታትን ያያሉ። እሳቸው ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው መስኮቱን እንደያዙ ቆመዋል። ከዚያ ከእሳቸው በኩል አንድ የተሰነጠቀ፣ የጎረነነ፣ ዶሮ ሲታነቅ የሚያሰማውን የሚመስል ድምፅ ወጣ። ምን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብን። እልልታ ነበር። ሰውየው በሕይወታቸው እልል ብለው አያውቁም፤ ግን እያሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘን! ለሴት ልጅ ስንት ጊዜ እልል እንደሚባል እንኳ ማንም አልቆጠረ። አቶ ቸኮል በአንድ ጊዜ ፈጣን ሰው ሆነ፤ ከበሮው ሊቀደድ ደረሰ። አልቃሾቹ ከልቅሶ ወደ ጭፈራ ተሻገሩ፤ መሻገሪያው የት ላይ እንደነበር ያየ የለም።

ከአጭር ንግግር ወገን አንድ ሰው፣ ነገር ሳያጣራ እንቅልፍ የማይወስደው፣ እጁን አወጣ። «ጌታው፣ ቀኑ ሞልቷል ተብሎ ነበር።»

«ሞልቷል» አሉ ሊቀ ዕለታት፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ታዲያ ይቺ ልጅ የት ትገባለች?»

ሊቀ ዕለታት ዘንጋቸውን ከመሬት አነሡ። ጭፈራውም ረገብ አለ፤ ሁሉም መልሱን ይጠብቃል።

«ሞልቶ ፈሰሰ» አሉ ሊቀ ዕለታት።

በእኛ ቋንቋ ከዚህ የበለጠ ምርቃት እንደሌለ ታውቃላችሁ። አደባባዩ፣ ማለቴ ደጄ፣ እንደገና ቀለጠ። የአጭር ንግግር ሰዎች በዚህ ቀን የተነገረ እጅግ አጭሩ ንግግር ይህ ነው ብለው አጨበጨቡ፤ ወዲያው ስለ አጭርነቱ ረጅም ንግግር ጀመሩ፤ የሰማቸው ግን የለም። እትዬ የተምወርቅ በመስኮቱ «ስሟ ማን ይባል?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ከውስጥ የደከመ ግን የኮራ ድምፅ መለሰ።

«ታከለች በሏት። በሞላ ላይ ነው የታከለችው።»

የዚያን ቀን ምሳና እራት አንድ ሆነ። አልቃሾቹ ለሐዘን ያዘጋጁትን ንፍሮ አመጡ፤ ጨፋሪዎቹ ጠላቸውን። ጎረቤቶቼ ገንፎ አገነፉ። የእርቁ ሁለት አለቆች ሕፃኗን ቀድሞ ማን ይቀፍ በሚል ሊጣሉ ሲሉ እትዬ የተምወርቅ በሁለቱም ክንድ ላይ በአንድ ጊዜ አስተኛችላቸው። ሸናችባቸው፤ ለሁለቱም እኩል። ወጌሻው በሳቅ ፈርሶ እሱ ራሱ የሚያነሳው ሰው ፈለገ።

ሕዝባችን ሥርዓት አክባሪ ነው ብያችኋለሁ። ልጅቷን ለማየት ወዲያው ሰልፍ ያዙ። ሽማግሌዎች ከፊት፣ እናቶች ቀጥሎ፣ ሊቀ ዕለታት «እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ» ብለው ሁለተኛ ዙር ተሰለፉ። እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝና እንግዳ ሳስተናግድ፣ ውሃ ሳቀርብ፣ ወንበር ስዋስ፣ ተሰልፌም ሰው ሳሳልፍ ፀሐይ አዘቀዘቀች። አገር ሁሉ ልጄን አይቶ ሲያበቃ ገባሁ።

ውብአንቺ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኗ በድካም ውስጥ ሆኖ ያበራ ነበር።

«የት ቆየህ?» አለችኝ።

«ሰልፍ ነበር።»

ሳቀች። ሆዷን ይዛ «ኧረ አታስቀኝ፣ ያመኛል» እያለች ሳቀች። ለዓመታት በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። ከዚያ ጥቅሏን አንስታ ክንዴ ላይ አኖረችልኝ። ቀላል ነበረች፤ ከበግ ቆዳ የቀለለች። በቆዳና በጅማት የደነደነውን አውራ ጣቴን በትንሽ እጇ ያዘችው፤ አልለቅም አለች።

ከደጅ «ጌታው የት ገቡ? ጠላው አልቋል እኮ!» ይሉኛል።

«ልሂድ» አልኳት ልጄን። «እንግዶች አሉብን።»

አጥብቃ ያዘችኝ። እዚያው ተቀመጥኩ።